ጣትን በተራ ቁጥሩ ሳይሆን በመታወቂያው መያዝ፦ ስልክ ላይ ክራር ስሠራ የተማርኩት

(ለሞባይል አፕ ሠሪ ወጣቶች ካደረግኩት ንግግር የተጻፈ። የንግግሩን ወዝ እንዳለ ትቼዋለሁ፤ በጣም የተደጋገመውን ብቻ ቆርጫለሁ።)

ጤና ይስጥልኝ። የቅዳሜ ዕረፍታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ ጣት ነው። ስክሪን ላይ ስለሚያርፍ ጣት። አንድ ጣት ብቻ ሲሆን ነገሩ ቀላል ነው። ሁላችንም በተን ሠርተናል፤ ሰው ይነካዋል፣ የሆነ ነገር ይሆናል፣ አለቀ። ሁለተኛው ጣት ሲመጣ ግን ብዙ አፕ ይደነባበራል። ፎቶው ይዘላል፣ ጨዋታው ይቆማል፣ የተጫነው በተን እንደተጫነ ይቀራል። እኛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ "ስልኩ ነው" ብለን እናልፋለን። ስልኩ አይደለም። እኛ ነን ያልያዝነው።

ክራር እንደ ምሳሌ እወስዳለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ስልክ ላይ የሚጫወቱት ክራር መሥራት ጀመርኩ። ምክንያቱ አጎቴ ናቸው። ማታ ማታ ቤታቸው ክራር ይጫወታሉ። ልጆቻቸው ውጭ አገር ናቸው፤ ክራር እጃቸው ላይ የለም፣ ስልክ ግን አለ። ለእነሱ የሚሆን ነገር ልሥራ አልኩ።

ድምፁን ከሳቸው ክራር ላይ ቀዳን። ስድስቱን አውታር አንድ በአንድ፣ በትዝታ ቅኝት። ስክሪኑ ላይ ስድስት መስመር ሣልኩ። ክራር የማታውቁ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ክራር ይደረደራል፣ ይገረፋልም። ሲገረፍ ቀኝ እጅ ሁሉንም አውታር በአንድ ምት ያልፍባቸዋል፤ ግራ እጅ ደግሞ የማይፈለጉትን አውታሮች በጣቶቹ አፍኖ ይይዛል። የሚሰማችሁ ያልታፈነው ነው። ማለትም ዜማውን የሚያወጣው የሚመታው እጅ ብቻ ሳይሆን ዝም የሚያሰኘውም እጅ ነው። ስለዚህ ስክሪኑን ለሁለት ከፈልኩት፤ ላይኛው ክፍል ላይ ያረፈ ጣት አውታሩን ያፍናል፣ ታችኛው ክፍል ላይ ያለፈ ጣት ያጮኸዋል።

ወስጄ ሰጠኋቸው። "ጋሼ፣ እስቲ ይሞክሩት።"

ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አጋደሙት። ግራ እጃቸውን ከላይ አሳረፉ፣ በቀኛቸው ሌባ ጣት ገረፉት። መጮህ ከነበረባቸው አራት አውታሮች ሁለቱ ብቻ ጮኹ። ደግመው ገረፉ። አሁን ሦስት። ግራ እጃቸውን ሲያነሱ ደግሞ አንዱ አውታር ታፍኖ ቀረ። ቢነኩት ቢነኩት ዝም።

"ልጄ፣ ይሄ ክራር ድምፅ ይውጣል" አሉኝ።

ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት ለሳምንታት እንቅልፍ የነሳችኝ። ሁለት የተለያዩ ችግሮች ነበሩ፤ ሁለቱም የኔ ነበሩ። ዛሬ የማሳያችሁ እነሱን ነው።

መጀመሪያ ሎጉን፣ ማለትም ኮዱ ሲሠራ የሚያትመውን መዝገብ፣ እንይ። አንድሮይድ ላይ ሰው ስክሪን በነካ ቁጥር ሞሽን ኢቨንት የሚባል ነገር ይመጣላችኋል። ውስጡ የአክሽን ቁጥር አለ። ሁለት ጣት አስቀምጣችሁ፣ ትንሽ አንቀሳቅሳችሁ፣ መጀመሪያ ያስቀመጣችሁትን ቀድማችሁ አንሱና ቁጥሩን ጥሬውን አትሙት። የሚመጣው እንዲህ ነው፦ 0፣ 2፣ 2፣ 261፣ 2፣ 2፣ 6፣ 2፣ 1።

0 የመጀመሪያው ጣት አረፈ ማለት ነው። 2 እንቅስቃሴ ነው። 1 የመጨረሻው ጣት ተነሳ ነው። 261 ግን ምንድነው? ብዙ ሰው እዚህ ጋ ግራ ይገባዋል፤ እኔም ገብቶኝ ነበር። 261ን ለ256 አካፍሉት። 1 ይደርሳል፣ 5 ይተርፋል። 5 "ተጨማሪ ጣት አረፈ" ማለት ነው፤ 1 ደግሞ የዚያ ጣት ተራ ቁጥር። ሁለት መልእክት አንድ ቁጥር ውስጥ ታጭቀዋል። 6 ደግሞ "አንድ ጣት ተነሳ፣ ሌላ ግን አለ" ነው፤ ተራ ቁጥሩ 0 ስለሆነ ምንም አልተደመረበትም። ሁለተኛው ጣት ቀድሞ ቢነሳ ኖሮ 262 ታዩ ነበር። ይህን እያካፈላችሁ እንድትኖሩ አይደለም የምነግራችሁ። ይህን የሚለዩላችሁ ጌት አክሽን ማስክድ እና ጌት አክሽን ኢንዴክስ የሚባሉት ከአንድሮይድ 2.2 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሉ፤ እነሱን ተጠቀሙ። ግን ሳታዩት ብትጠቀሙበት፣ ኮዳችሁ ላይ ጥሬውን አክሽን ከ5 ጋር እያወዳደራችሁ "ለምንድነው የማይሠራው?" ትላላችሁ። እንዲህ ያለ ኮድ ስንት ጊዜ እንዳየሁ!

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ተራ ቁጥር አልኩ። እያንዳንዱ ጣት ሁለት ቁጥር አለው። አንዱ ኢንዴክስ ነው፣ አንዱ አይዲ።

የታክሲ ሰልፍ አስቡ። ሜክሲኮ ወይም መገናኛ ላይ፣ ማታ 12 ሰዓት። እናንተ ሦስተኛ ናችሁ። ፊት ያለው ሰውዬ ሰለቸውና ጥሎ ሄደ። አሁን ሁለተኛ ሆናችሁ። ተራችሁ ተለወጠ፤ እናንተ ግን ያው ናችሁ፣ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው መታወቂያ አልተለወጠም። ኢንዴክስ ማለት ተራው ነው። አይዲ ማለት መታወቂያው ነው። ጣት በተነሳ ቁጥር ከኋላው ያሉት ተራቸው ይሸጋሸጋል። አይዲው ግን ጣቱ ካረፈበት ቅጽበት እስከሚነሳበት ድረስ አይነቃነቅም።

የኔ የመጀመሪያ ኮድ ተራውን ነበር የሚይዘው። "ተራ ቁጥር 0 ሦስተኛውን አውታር አፍኗል፣ ተራ ቁጥር 1 አምስተኛውን" ብዬ መዝግቤ ነበር። ጋሼ ሦስተኛው ላይ ያለውን ጣት ሲያነሱ፣ አምስተኛው ላይ ያለው ጣት ተራው 0 ሆነ። እሱንም ሲያነሱ ኮዴ የ0ን መዝገብ ሰረዘ። የ1 መዝገብ ማን ይሰርዘው? የለም። አምስተኛው አውታር ለዘላለም ታፈነ። ከስክሪኑ ላይ ጣት የሚባል የለም፣ አውታሩ ግን የማይታይ ጣት እንደያዘው ቀረ።

ፎቶ ማጉላት የሠራችሁ ይህንኑ በሌላ መልኩ አይታችሁታል። በሁለት ጣት ታጎላላችሁ፣ ከዚያ መጀመሪያ ያስቀመጣችሁትን ጣት ታነሳላችሁ፣ ፎቶው ዘልሎ ሌላ ቦታ ይገኛል። ኮዱ "0 ቁጥር ጣት መቶ ላይ ነበር፣ አሁን አምስት መቶ ላይ ነው፣ አራት መቶ ሄዷል" ብሎ አሰበ። ማንም የትም አልሄደም። ሰልፉ ነው የተሸጋሸገው። መፍትሔው የምትከተሉትን ጣት አይዲ መያዝ ነው፤ እሱ ሲነሳ ከቀሩት አንዱን መርጣችሁ የድሮውን መነሻ ነጥብ በዚያ ጣት ያሁን ቦታ መተካት። ሁለተኛው እርምጃ ነው ብዙ ጊዜ የሚረሳው።

ሁለት ነገር እዚህ ላይ ልብ በሉ። አንደኛ፣ "ጣት ተነሳ" የሚለው መልእክት ሲመጣ የተነሳው ጣት ገና ቆጠራው ውስጥ አለ። ጌት ፖይንተር ካውንት ብላችሁ ብትጠይቁት ሁለት ይላችኋል፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ግን አንድ ነው። ስለዚህ የቀሩትን ስትቆጥሩ እሱን ዝለሉት። ሁለተኛ፣ አይዲ እንደገና ይሠራበታል። አይዲ 0 የነበረው ጣት ተነስቶ፣ አይዲ 1 እንዳለ፣ አዲስ ጣት ቢያርፍ 0 ሊሰጠው ይችላል። አዲስ ሰው ነው፣ የድሮ ስም ይዞ የመጣ። ጣት ሲነሳ መዝገቡን ወዲያው ካላጸዳችሁ የአዲሱን ጣት ታሪክ ከሞተው ጋር ታቀላቅሉታላችሁ።

ይህን ካስተካከልኩ በኋላ የማይታየው ጣት ጠፋ። ማለቴ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጠፋ። የቀረውን በኋላ እነግራችኋለሁ።

ግርፉ ግን አሁንም ድምፅ ይውጥ ነበር።

ይሄኛው ቆንጆ ችግር ነው፤ ትንሽ ልቆይበት። ጋሼ ሲገርፉ ጣታቸው ስድስቱን አውታር የሚያልፈው በጣም በፍጥነት ነው። ሃምሳ ሚሊሰከንድ እንበል። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ነው የሚታደሰው፤ በየ16.7 ሚሊሰከንዱ ማለት ነው። ከአንድሮይድ 4.1 ጀምሮ የእንቅስቃሴ መልእክቶች ከስክሪኑ መታደስ ጋር ተጠብቀው፣ ተጠራቅመው ነው ለአፑ የሚደርሱት። ለምን? በየጥቃቅኑ ከመቀስቀስ ለምስሉ ጊዜ ሲደርስ አንዴ መቀስቀስ ይሻላል ተብሎ ነው፤ ለአብዛኛው አፕ ትክክል ነው። ስለዚህ በዚያ ሃምሳ ሚሊሰከንድ ውስጥ የኔ ኮድ የሚቀሰቀሰው ሦስት ጊዜ ያህል ነው። ሦስት ጊዜ "ጣቱ አሁን አውታር ላይ ነው ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። ስድስት አውታር፣ ሦስት ጥያቄ። ሁለት ወይ ሦስት አውታር መጮሁ ዕድል አልነበረም፤ ሒሳብ ነው።

ግን በመሀል የተነካው የት ሄደ? አልጠፋም። ንክኪውን የሚለካው ፓነል ብዙ ስልኮች ላይ ከስክሪኑ ፈጥኖ ነው የሚለካው፤ በሰከንድ 120 ጊዜ፣ አንዳንዱ 240። እነዚያ የመሀል ነጥቦች እዚያው ሞሽን ኢቨንት ውስጥ ታጥፈው ተቀምጠዋል። ታሪክ ይባላሉ፤ ጌት ሂስትሪ ሳይዝ ስንት እንዳሉ ይነግራችኋል፣ ጌት ሂስቶሪካል ኤክስ እና ዋይ አንድ በአንድ ያወጣላችኋል፣ ሰዓታቸውም አብሮ አለ። ከድሮው ወደ አዲሱ የተደረደሩ ናቸው፤ መጀመሪያ ታሪኩን ትጨርሳላችሁ፣ ከዚያ ያሁኑን ነጥብ ታስከትላላችሁ። ይህን ያወቅኩ ቀን በጣም ደስ አለኝ። ኮዱን ጻፍኩ፣ በራሴ ጣት ገረፍኩት፣ ከስድስቱ አምስቱ ጮኹ።

አምስት። ስድስተኛውስ?

ታሪክም ቢሆን ነጥብ ነው። ፓነሉ በሰከንድ 120 ጊዜ ከለካ በሃምሳ ሚሊሰከንድ ውስጥ ስድስት ነጥብ ነው የሚገኘው። ስድስቱ ነጥቦች ስድስቱ አውታሮች ላይ በትክክል ያርፋሉ ብሎ ማን ዋስ ይሆናል? አንዱ ነጥብ በሁለት አውታር መሀል ይወድቃል፣ አንድ አውታር በሁለት ነጥብ መሀል ያመልጣል። እዚህ ጋ ነው ጥያቄዬ ራሱ ስህተት እንደነበረ የገባኝ። "ጣቱ አውታር ላይ ነው ወይ?" አይደለም መጠየቅ ያለብኝ። የክራር አውታር ጣት ላዩ ላይ ቆሞበት አይደለም የሚጮኸው፤ ጣት አልፎት ነው። ጥያቄው "ከቀድሞው ነጥብ እስካሁኑ ነጥብ ድረስ ጣቱ የትኞቹን አውታሮች አቋረጠ?" መሆን አለበት። ሒሳቡ የአምስተኛ ክፍል ነው፤ አውታሩ ያለበት ቦታ ከሁለቱ ነጥቦች መሀል ከሆነ ተቋርጧል ማለት ነው። በሁለት ነጥብ መሀል ሁለት አውታር ካለ ደግሞ የትኛው እንደሚቀድም አቅጣጫው ይነግራችኋል፣ የመቋረጫ ሰዓቱንም ከሁለቱ ነጥቦች ሰዓት ላይ አካፍላችሁ ታገኙታላችሁ። የግርፉ ፍጥነት ሁሉ ሳይቀር ድምፁ ውስጥ ይገባል።

ሥዕል መሣያ አፕ የምትሠሩም ይኸው ነው። መስመራችሁ ሲፈጥን ማዕዘን ማዕዘን የሚመስለው ታሪኩን ስለጣላችሁት ነው። ልጆች ፊደል የሚለማመዱበት አፕ ላይ "ሐ" ሦስት እግሯ ቅርጹን ሲያጣ አይቻለሁ፤ ልጁ በትክክል ነው የጻፈው፣ አፑ ነው የቆረጠበት። ልጁ ግን ያንን አያውቅም፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት ብሎ ነው የሚያስበው። ይሄ ያሳዝነኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሞሽን ኢቨንቱን ራሱን አታስቀምጡት። ሲስተሙ ሥራውን ሲጨርስ ያንኑ ዕቃ አጥቦ ለሌላ ንክኪ ይጠቀምበታል። በኋላ ስትከፍቱት ውስጡ የሌላ ሰው እህል ነው። የምትፈልጉትን ቁጥር ቅዱና ልቀቁት፤ ሙሉውን ከፈለጋችሁ ደግሞ በኦብቴን ቅጂ አውጡለት።

እሺ፣ "አብዛኛውን ጊዜ" ብዬ ወደተውኩት ልመለስ።

ለጋሼ አዲሱን ይዤ ሄድኩ። ግርፉ ሠራ። ፊታቸው በራ። ከዚያ ሦስት ጣት አሳርፈው ወደ ታች ትንሽ ሳብ ሲያደርጉ ስልኩ ቻክ አለና ስክሪንሹት አነሳ። ሦስቱም አውታሮች ታፍነው ቀሩ።

ብዙ ስልኮች ላይ ሦስት ጣት ወደ ታች መሳብ ስክሪንሹት ነው። ሲስተሙ ያንን ሲያይ ጣቶቹን ከአፑ ይቀማል። ሲቀማ ግን ዝም ብሎ አይቀማም፤ ቁጥር 3ን ይልካል፤ አክሽን ካንስል። "የጀመርከውን ተው፣ ጣቶቹ ካሁን በኋላ የኔ ናቸው" ማለት ነው። ከዚያ በኋላ "ጣት ተነሳ" የሚል መልእክት አይመጣም። በፍጹም። ካንስልን ካላስተናገዳችሁ እስከ ወዲያኛው የማይነሳ ጣት ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ብዙ ጣት በሚያስተናግዱ አፖች ላይ ከማያቸው ችግሮች በጣም የሚደጋገመው ይሄ ነው። ሰው ዳውን (አረፈ)፣ ሙቭ (ተንቀሳቀሰ) እና አፕን (ተነሳ) ይጽፍና ካንስልን ይረሳል፤ ምክንያቱም ቤቱ ቁጭ ብሎ ሲሞክር አይመጣበትም። የሚመጣው ሜዳ ላይ ነው። ስክሪኑ በሚሸበለል ገጽ ውስጥ ከሆነ፣ ወላጁ ቪው፣ ማለትም ውጪኛው የስክሪን ክፍል፣ "ይሄ ሽብለላ ነው" ብሎ ሲወስን ውስጡ ያለው ቪው ካንስል ይደርሰዋል። ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ ደግሞ ከጠርዝ ወደ ውስጥ መሳብ "ተመለስ" ሆኗል፤ ጠርዝ ላይ ያለው አውታሬ በየጊዜው ይቀማ ነበር። ለዚህኛው ሲስተሙን "ይህን ቦታ ተውልኝ" ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ግን በየጠርዙ እስከ 200 ዲፒ (የአንድሮይድ የስክሪን መለኪያ) ቁመት ብቻ ነው የሚፈቅደው። ስለዚህ ጠርዙን ከመለመን አውታሩን ትንሽ ወደ ውስጥ ሳብኩት። ቀላሉ ያ ነው።

መዳፍም አለ። ሰው ስልኩን ሲያጋድም የመዳፉ ጎን ያርፋል። ሲስተሙ በኋላ "ይሄ ጣት ሳይሆን መዳፍ ነው" ብሎ ሊወስን ይችላል። ከአንድሮይድ 13 ጀምሮ ሌሎች ጣቶች ስክሪኑ ላይ እያሉ አንዱ መዳፍ ሆኖ ሲገኝ፣ እሱ ብቻ "ተነሳ" በሚለው መልእክት ላይ የመሰረዝ ምልክት ተደርጎበት ይመጣላችኋል። ምልክቱን ካያችሁ ያ ጣት እንዳልነበረ ቁጠሩት።

አሁን መዝገቡን እንዴት እንደያዝኩት ልንገራችሁ፤ ከሁሉም በላይ የረዳኝ ይሄ ነው። መጀመሪያ ላይ ለእያንዳንዱ አውታር "ታፍኗል ወይስ አልታፈነም" የሚል ምልክት ነበረኝ። ጣት ሲያርፍ አዎ፣ ሲነሳ አይ። ሁለት ጣት አንድ አውታር ላይ ካረፈና አንዱ ቢነሳስ? አውታሩ ተፈታ ይላል፤ ሌላው ጣት ግን እዚያው አለ። እሱን ለማስተካከል ቆጠራ ጨመርኩ፣ ቆጠራው ካንስል ላይ ተዛባ፣ እሱን ለማስተካከል ሌላ ጨመርኩ። ልብስ በላዩ ላይ እየተጣፈ እንደሚከብደው ከበደኝ።

ከዚያ ሁሉንም ጣልኩት። አሁን ያለኝ አንድ መዝገብ ነው፤ በአይዲ የተያዘ፣ እያንዳንዱ ጣት የት እንዳለ ብቻ የሚናገር። ጣት ሲያርፍ ይገባል፣ ሲንቀሳቀስ ቦታው ይታደሳል፣ ሲነሳ ይወጣል፣ ካንስል ሲመጣ መዝገቡ ይጸዳል። "ሦስተኛው አውታር ታፍኗል ወይ?" የሚለውን የትም አልጽፈውም፤ በተፈለገ ጊዜ መዝገቡን አይቼ እመልሳለሁ። ጣት ከሌለ አፈና የለም። በመዝገቡና በስክሪኑ መካከል የሚዋሽ ሦስተኛ ሰው የለም። ኮዱ በግማሽ አነሰ።

እንቅስቃሴን በተመለከተ አንድ ወጥመድ አለ፤ በአጭሩ ልንገራችሁ። ሙቭ ሲመጣ የትኛው ጣት እንደተንቀሳቀሰ አይነግራችሁም። ያሉትን ጣቶች ሁሉ ቦታ ይዞ ነው የሚመጣው። ጌት አክሽን ኢንዴክስን ብትጠይቁት ሙቭ ላይ ሁልጊዜ 0 ይላችኋል። እሱን አምነው "የመጀመሪያው ጣት ብቻ ነው የሚሠራልኝ" የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሙቭ ላይ ሁሉንም ጣት ዙሩበት፤ የእያንዳንዱን አይዲ ጠይቁ፣ መዝገቡን አድሱ።

ሌላ ደግሞ፣ ሁለት ቪው ጎን ለጎን ካላችሁና አንዱ ጣት በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ላይ ካረፈ፣ አንድሮይድ ከ3.0 ወዲህ ጣቶቹን ለየቪዉ ይከፋፍላቸዋል። ሁለተኛው ቪው የሚደርሰው "የመጀመሪያ ጣት አረፈ" የሚል ነው፤ ለእሱ የመጀመሪያው ስለሆነ። አይዲው ግን 1 ሊሆን ይችላል። "የመጀመሪያ ጣት አይዲው 0 ነው" ብላችሁ ከጻፋችሁ እዚህ ጋ ትወድቃላችሁ። አይዲን ጠይቁ እንጂ አትገምቱ።

ጥያቄ ክፍል ላይ የተነሱትን አብሬ ጽፌያቸዋለሁ።

አንዷ ልጅ ስለ አይፎን ጠየቀች። እዚያ ነገሩ በአንድ በኩል ይቀላል፤ እያንዳንዱ ጣት የራሱ ዩአይ ተች የሚባል ዕቃ አለው፣ ካረፈበት እስኪነሳ ያው ዕቃ ነው። ተራ ቁጥር ብሎ ነገር ስለሌለ ሰልፉ ላይ አትሳሳቺም። ሆኖም ቪው ሲፈጠር ብዙ ጣት መቀበል ተዘግቶ ነው የሚመጣው፤ መልቲፕል ተች ኢኔብልድን ራስሽ መክፈት አለብሽ። ሁለተኛው ጣት ጨርሶ አልመጣም ስትይ መጀመሪያ እሱን እይ። ታጥፈው የሚመጡት የመሀል ነጥቦችም አሉ፤ ከአይኦኤስ 9 ጀምሮ ኮአለስድ ተችስ ይባላሉ። ካንስልም እዚያ አለ፤ ስልክ ሲደወል ራሱ ሊመጣ ይችላል።

ሌላው በፍላተር (በአንድ ኮድ ለአንድሮይድም ለአይፎንም አፕ በሚሠራበት መሣሪያ) ነው የምሠራው አለ። እጅ አውጡ ስል አዳራሹ ግማሹ ፍላተር ነው። ፍላተር ውስጥ ሊስነር ዊጀትን ከተጠቀማችሁ እያንዳንዱ ጣት ፖይንተር የሚባል ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ ጣቱ ተነስቶ ሲመለስ አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል እንጂ የድሮው አይደገምም። መዝገቡ ያው ነው፤ በፖይንተሩ ያዙት፣ ጣቱ ሲነሳም ካንስል ሲመጣም አስወጡት።

"እንዴት ነው የምንሞክረው?" ተብያለሁ። ኢሙሌተር (ኮምፒውተር ላይ ስልክ የሚያስመስል ፕሮግራም) ላይ ኮንትሮልን ተጭናችሁ ሁለት ጣት ማስመሰል ይቻላል፤ ማክ ላይ ኮማንድ ነው። ለፎቶ ማጉላት ይበቃል፤ ለክራር ግን አይበቃም። እውነተኛ ስልክ ያዙ። ደቨሎፐር ኦፕሽን ውስጥ ፖይንተር ሎኬሽን የሚል አለ፤ ክፈቱት። የየጣቱን መንገድ ስክሪኑ ላይ ይሥልላችኋል፣ ከላይ ደግሞ አሁን ስንት ጣት እንዳለ ይጽፋል። አምስት ጣት አስቀምጣችሁ ቁጥሩ ሁለት ላይ ከቆመ ችግሩ ኮዳችሁ አይደለም ማለት ነው።

ይህም የመጨረሻውን ጥያቄ አመጣ። ሁሉም ስልክ አምስት ጣት ያያል ወይ? አያይም። ስክሪኑ ሥር በቁመትና በአግድም የተዘረጉ የማይታዩ መስመሮች አሉ። አንዳንድ የድሮና ርካሽ ፓነሎች እያንዳንዱን መስመር ለብቻው ነው የሚለኩት። ሁለት ጣት ስታሳርፉ ሁለት ቋሚና ሁለት አግዳሚ መስመር "ተነካሁ" ይላል። ሁለት በሁለት አራት መገናኛ ነው። የትኞቹ ሁለቱ እውነተኛ ናቸው? ፓነሉ አያውቅም። ይገምታል። ጣቶቹ ሲቀራረቡና ሲተላለፉ ቦታ ይለዋወጣሉ። የተሻለው ፓነል እያንዳንዱን መገናኛ ለየብቻ ስለሚለካ ግምት ውስጥ አይገባም። ለዚህ ነው አንድሮይድ ሦስት ደረጃ ያለው፤ ሁለት ጣት በግርድፉ የሚያይ፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ለይቶ የሚያይ፣ አምስትና ከዚያ በላይ ለይቶ የሚያይ። የመጨረሻው ስሙ ጃዝ ሃንድ ነው፤ ማኒፌስት (አፑ የሚያስፈልገውን የሚዘረዝርበት ፋይል) ላይ እንደዚያው ነው የሚጻፈው።

እኔ ጃዝ ሃንድን ግዴታ አላደረግኩትም። ግዴታ ባደርገው ርካሽ ስልክ የያዘ ሰው አፑን ፕሌይ ስቶር ላይ ጨርሶ አያገኘውም። ይልቁንም አፑ ሲከፈት ስልኩን ይጠይቃል፤ አምስት ጣት ከሌለ ማፈኑን ትቶ ድርደራ ብቻ ያቀርባል። አንድ ጣት ለድርደራ ይበቃል። ባለ ሁለት ጣት ስልክ ያለው ልጅም ትዝታን አንድ አውታር፣ አንድ አውታር እያለ መልመድ ይችላል።

ጋሼ አራተኛውን እትም ባለፈው ወር ሞከሩት። ግራ እጃቸውን አሳረፉ፣ ገረፉ፣ የቀለበት ጣታቸውን ብቻ ብድግ አደረጉና እንደገና ገረፉ። የተፈታው አውታር ጮኸ። ምንም አላሉም፤ ዝም ብለው ቀጠሉ። ትንሽ ቆይተው ቀና ሳይሉ "ባቲ የለውም እንዴ?" አሉኝ።

ባቲው ገብቷል። ስልኩ እዚያ ጥግ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ፖይንተር ሎኬሽን ተከፍቶለታል። ኑና ግረፉት፤ ድምፅ ከዋጠ ንገሩኝ።